ከቤልፋስት ጓሮ እስከ ሰፈራችን ጎሚስታ፦ የባጃጅ የኋላ ጎማ ታሪክ

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ጦርነትም አልጽፍም። ዶላርንም ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን እሱ ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ስለሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ። የዛሬው ርዕስ የባጃጅ የኋላ ጎማ ነው። አዎ፣ ያ ግቢ ውስጥ በድንጋይና በጉልበት ተነስቶ የሚፈታው፣ ትንሹ፣ ጥቁሩ፣ ሁልጊዜ አቧራ የለበሰው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ለምን ጎማ? ባጃጅ ዜና የሚሆነው ሲታገድ፣ ሲገለበጥ ወይም ታሪፍ ሲጨመር ብቻ ነው። ከሥሩ የሚሽከረከረው ነገር ግን ቤልፋስትን፣ ኮንጎን፣ ጄኔቫን፣ ፖንቴዴራንና ፑኔን ዞሮ ነው እኛ ሰፈር የደረሰው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ ጎማው ሲተነፍስ ማን ያስተካክለዋል? ባለቤቱ ራሱ በቤቱ ነው ወይስ ሌላ ሰው በክፍያ?

የልጅ ብስክሌት

ብዙ ሰው በአየር የሚነፋ ጎማ ለመኪና የተፈጠረ ይመስለዋል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 ቤልፋስት ውስጥ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ይኖር ነበር። ልጁ የሚነዳት ባለሦስት እግር ብስክሌት አለች። በዚያ ዘመን የብስክሌት እግር ወይ ብረት ነው ወይ ድፍን ጎማ፤ መንገዱ ደግሞ ድንጋይ። ኮብልስቶን በሉት። ልጁ ሲነዳት አጥንቱ እስኪርገፈገፍ ትነጥራለች።

ደንሎፕ ከጎማ ጋር መሥራት ለምዶ ነበር። ስስ የጎማ ንጣፍ እንደ ቱቦ አጣብቆ፣ አየር ሞልቶ፣ በአንድ ክብ እንጨት ዙሪያ ገጠመው። ከዚያም ከልጁ ብስክሌት ላይ አንዱን የብረት እግር ፈትቶ ሁለቱን ጓሮው ውስጥ ጎን ለጎን አንከባለላቸው። የብረቱ መሃል ላይ ደክሞ ቆመ። አየር የተሞላው ግን ጓሮውን አቋርጦ ሄዶ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተላትሞ ተመለሰ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። አዲሱን ጎማ ለልጁ ብስክሌት ለሁለቱም የኋላ እግሮች ገጠመላት። ልብ በሉ፤ የደንሎፕ ጎማ መጀመሪያ የተገጠመው በመኪና ላይ አይደለም፣ በፋብሪካም አይደለም። ባለሦስት እግር ነገር ላይ፣ ከኋላ፣ በሰው ቤት ጓሮ ነው። የባጃጅ ሹፌር ማታ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የኋላ ጎማ ሲገጥም ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው።

ደንሎፕ በ1888 የፓተንት መብት ተሰጠው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ግን መብቱ ተሻረበት። ለካስ ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ ሐሳብ ከአርባ ዓመት በፊት፣ በ1845፣ አስመዝግቦት ኖሯል። ቶምሰን ለፈረስ ሠረገላ ነበር የሠራው። ጎማው ጥሩ ነበር ግን ውድ፤ የሚፈልገውም ሰው አልነበረምና ተረሳ። እኛ ከተሞች ጋሪን ያባረረው ባጃጅ የሚሄድበት ጎማ መጀመሪያ የታሰበው ለፈረስ መሆኑ ይገርመኛል።

መንገድ ላይ ሚስማር

የደንሎፕ ጎማ አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ከእግሩ ጋር በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ሲበሳ መፍታት አይቻልም፤ መላጥ ነው ያለው።

በ1889 ፈረንሳይ፣ ክሌርሞን ፌራን ከተማ፣ አንድ ብስክሌተኛ የተነፈሰ የደንሎፕ ጎማ ይዞ ወደ አንድ የጎማ ዕቃ ወርክሾፕ ገባ። ወርክሾፑ የሚሽሊን ወንድማማቾች ነው። ጎማውን ልጦ መጠገን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ማጣበቂያው እንዲደርቅ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አደረ። በነጋታው ኤድዋርድ ሚሽሊን ሊሞክረው ወጣና ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄደ ጎማው መልሶ ተነፈሰ። ኤድዋርድ ግን አልተናደደም። ሁለት ነገር ገባው፤ አንደኛ በአየር ላይ መሄድ ምቹ ነው፣ ሁለተኛ ይህ ጎማ ማንም ሰው በራሱ ሊፈታው ካልቻለ የትም አይደርስም።

በ1891 የሚፈታ ጎማ አስመዘገበ። ያኔውኑ በመስከረም ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የብስክሌት ውድድር ነበር። ሻርል ቴሮን በሚሽሊን ጎማ ሮጦ አሸነፈ፤ እሱ ሲበሳበት በደቂቃዎች ፈትቶ ይገጥማል፣ ሌሎቹ ማጣበቂያ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። በተከታዩ ዓመት ወንድማማቾቹ ከፓሪስ ክሌርሞን ፌራን የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁ። ጎማቸው በቀላሉ የሚጠገን መሆኑን ለማሳየትም መንገዱ ላይ ሚስማር አስበተኑ ይባላል። እኛ አገር ጎሚስታ ሱቁ አቅራቢያ ሚስማር ይበትናል ብሎ የማይጠረጥር ሹፌር የለም። ሐሜቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ዘሩ የተከበረ ነው።

የሚሽሊንን ታሪክ ስናወራ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ነጭ ወፍራም አሻንጉሊትና የምግብ ቤት ኮከብ ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይህ ነው፤ የጎማ ጥገናን ከወርክሾፕ አውጥቶ ለባለቤቱ እጅ ሰጠ።

ደም የተለወሰ ጎማ

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ደንሎፕና ሚሽሊን በአውሮፓ የጎማ ጥማት ሲቀሰቅሱ ጥሬው ከየት ይመጣ ነበር? ያኔ የጎማ እርሻ ገና አላፈራም። ዱር ውስጥ ካለ ዛፍና ሐረግ የሚፈስ ፈሳሽ ነው የሚቀዳው። አንዱ ትልቅ ዱር ደግሞ ኮንጎ ነው፤ ከ1885 ጀምሮ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሁለተኛ የግል ርስት።

የተደረገውን ታውቁታላችሁ፣ ቢሆንም በአጭሩ ልበል። በየመንደሩ የጎማ ኮታ ተጣለ። ኮታውን ያልሞላ ሰው ሚስቱ ትታገታለች፣ እሱ ይገረፋል፣ መንደሩ ይቃጠላል። ወታደር ጥይት እንዳላባከነ ለማስረዳት የተቆረጠ እጅ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅበት ነበር። ሚሊዮኖች አለቁ። ነገሩ እንዴት እንደተጋለጠ ደግሞ ጋዜጠኛ ለሆንን ሰዎች ትምህርት ነው። ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ድርጅት ጸሐፊ አንትወርፕ ወደብ ላይ ሰነድ ሲያመሳክር አንድ ነገር አየ። ከኮንጎ የሚመጡት መርከቦች ጎማና የዝሆን ጥርስ ጭነው ይገባሉ፤ ሲመለሱ ግን የሚጭኑት በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። ንግድ ከሆነ ለጎማው የሚከፈለው የት አለ? ከአንድ የጭነት ዝርዝር ተነስቶ ዓለም አቀፍ ዘመቻ አስነሳ። የብሪታንያው ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት ሪፖርት በ1904 ወጣ፤ በ1908 ሊዮፖልድ ኮንጎን ለቤልጂግ መንግሥት አስረከበ።

እኛ አድዋ ላይ በ1896 ጣልያንን ስንመልስ፣ ከእኛ በስተ ምዕራብ ያ ሁሉ እየሆነ ነበር። የአንድ ዘመን ታሪክ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን አንድ ላይ አልተማርነውም።

የዱሩን ጎማ ከገበያ ያስወጣው ርኅራኄ አይደለም። በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ከብራዚል 70,000 ገደማ የጎማ ዛፍ ፍሬ ወደ ለንደን አሻግሮ ነበር። ከዚያ ውስጥ የበቀለው ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ችግኙ ወደ ሲሎንና ወደ ሲንጋፖር ተላከ፤ የእስያ እርሻ ምርት ሲደርስ የአማዞንም የኮንጎም ዘመን አበቃ። ዛሬም የተፈጥሮ ጎማ በብዛት የሚመጣው ከታይላንድና ከኢንዶኔዥያ ነው።

ጎማ ታገደ፣ ነዳጅ አልታገደም

አሁን ወደ ቤታችን እንቅረብ። ጣልያን በ1935 ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቫ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ከኅዳር 1935 ጀምሮ ወደ ጣልያን እንዳይላኩ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ጎማ አለ። የጭነት እንስሳት አሉ። ኒኬል፣ ቆርቆሮ የሚሠራበት ማዕድን አለ። የሌለው ነዳጅ ነው። ብረትና ከሰልም እንደዚሁ ነፃ ሆነው ቀሩ፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። በሌላ አነጋገር ሙሶሊኒ ለወራሪ ካሚዮኑ ጎማ ከውጭ እንዳይገዛ ተከለከለ፣ ካሚዮኑን የሚያስነሳውን ነዳጅ ግን እየከፈለ መውሰድ ተፈቀደለት። ማዕቀቡ በሐምሌ 1936 ተነሳ። ከዚያ በኋላ ስለ ማዕቀብ በዜና ስሰማ መጀመሪያ የምፈልገው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባውን ዕቃ ነው።

ካሚዮኖቹ መጡ፤ በሊማሊሞና በጣርማበር ላይ መንገድ ተቆረጠ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወራሪው ተባረረ። ቃላቱ ግን ቀሩ። እስቲ አንድ ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ አዳምጡ። ጎማ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ ጎሚስታም ከዚያው። ካላማዳሪ በጣልያንኛ የአየር ክፍል ማለት ነው፣ የምንጠግነው የውስጥ ቱቦ። ቸርኬ፣ ክሪክ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ስኮርታ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ማስቲሽ። አንድ የባጃጅ ጎማ ከመፈታት እስከ መገጠም ያለው ሥራ በሙሉ በእነዚህ ቃላት ነው የሚነገረው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የቅኝ ገዢ ቋንቋ ምናምን ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከ1941 በኋላ ጥቂት የማይባሉ ጣልያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ፤ የሐበሻ ልጆች ረዳት ሆነው ገቡ። ረዳቱ ሙያውን ከነስሙ ወሰደ። ማንም አስተርጓሚ ኮሚቴ አልሰበሰበም። ካላማዳሪን ማንም ጣልያን ሰምቶ የራሱ ቃል ነው አይልም፤ አፋችን ውስጥ ተፈጭቶ የኛ ሆኗል።

ተርብና ንብ

ይህ ሁሉ ቃል ከገባ በኋላ ግን ተሽከርካሪዋ ራሷ አልመጣችም ነበር፤ አልተወለደችም።

ፒያጆ በጦርነቱ ዘመን አውሮፕላን ይሠራ ነበር፣ ቦምብ ጣይም ጭምር። ቶስካና ውስጥ ፖንቴዴራ ያለው ፋብሪካው በጦርነቱ ወደመ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጣልያን ተሸንፋለች፣ ሰው ደሃ ነው፣ መንገዱ ፈራርሷል። ኤንሪኮ ፒያጆ ርካሽ መጓጓዣ ለመሥራት አሰበና የመጀመሪያው ሙከራ ስላልጣመው ሥራውን ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር ሰው ነው፤ በ1930 የሠራት ሄሊኮፕተር በዘመኗ ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ሞተር ሳይክል ግን አይወድም ነበር። ምክንያቱን ዘርዝሯል፤ አይመችም፣ ሰንሰለቱ ልብስ ያበላሻል፣ እና ጎማ ሲበሳ መፈታቱ መከራ ነው።

ይህ ሦስተኛው ቅሬታ ነው የባጃጇን የኋላ እግር የወለደው። የሞተር ሳይክል ጎማ ግራና ቀኝ በሹካ ተይዞ መሃል ላይ ይቀመጣል። ለመፍታት ሰንሰለቱን፣ ፍሬኑን፣ አክሰሉን ሁሉ መነካካት ነው። ዳስካኒዮ ከአውሮፕላን ማረፊያ እግር የሚያውቀውን ዘዴ አመጣ፤ ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ይያዝ፣ ከሌላው ጎን ክፍት ይሁን። ዳዶዎቹን ፈትተህ ወደ ጎን ትስበዋለህ፣ ይወጣል። እንደ መኪና። ቬስፓ በሚያዝያ 1946 ተመዘገበች። ስሟ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። ቸርኬዋ 8 ኢንች።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1948፣ እዚያው ቤት ባለሦስት እግሯ ወጣች፤ አፔ፣ ንብ። ፊቷ ቬስፓ ነው፣ ከኋላ ሁለት እግርና የጭነት ሳጥን። ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ አትክልት ነጋዴ ገዛት። የባጃጅ እናት ማለት እሷ ናት።

ከጋንዲ ወዳጅ ልጆች እጅ

ባጃጅ የሰው ስም ነው፣ የቤተሰብ ስም። ጃምናላል ባጃጅ ጋንዲ እንደ ልጁ የሚያየው ነጋዴ ነበር፤ በ1942 ሞተ። ልጆቹ ንግዱን ይዘው በ1948 ከጣልያን ባለሁለትና ባለሦስት እግር ማስመጣት ጀመሩ። በ1959 ሕንድ ውስጥ ለማምረት ከመንግሥት ፈቃድ አገኙ፤ ከፒያጆ ጋር ተዋውለውም ሠሩ። በ1971 ውሉ አለቀ። ሕንድም በዚያ ዘመን የውጭ ቴክኖሎጂ ውል እንዲታደስ አትወድም ነበርና ባጃጅ በራሱ ስም ቀጠለ። በ1977 ሞተሩን ከኋላ ያደረገችውን ባለሦስት እግር አወጣ። ዛሬ መንገዳችን ላይ የምናያት የዚያች ዘር ናት።

ሕንዶቹ ብዙ ነገር ቀይረዋል። ሞተሩን ቀይረዋል፣ አካሉን ቀይረዋል። የቬስፓን 8 ኢንች ቸርኬ ግን አልነኩትም። የባጃጅ ጎማ ላይ 4.00-8 የሚል ታነባላችሁ፤ ወርዱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ማለት ነው። ሦስቱም እግር አንድ ልክ ነው፤ አንዲት ስኮርታ ለሁሉም ትሆናለች። ቸርኬው ደግሞ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ሁለት ሳህን ፊት ለፊት ገጥመህ በቡሎን እንዳሰርካቸው ያለ ነው። ለምን ይጠቅማል? አንድ ወጥ ቸርኬ ላይ ጎማ ለማውጣት በብረት ማንሻ መታገል ያስፈልጋል፣ በዚያ ትግል መሃል ደግሞ ካላማዳሪው ይበሳል። ሁለት ግማሽ ሲሆን ዳዶውን ትፈታለህ፣ ግማሾቹ ይላቀቃሉ፣ ጎማው ይወጣል። ሚሽሊን በ1891 የጀመረው ሐሳብ እዚህ ላይ ጫፍ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ከእኔ ቤት ፊት ለፊት ያለው የባጃጅ ሹፌር ሲሠራ ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም “ጋዜጠኛው፣ ና እስቲ ያዝልኝ” ይለኛል። እንዲህ ያደርጋል። መጀመሪያ ሜዳ ቦታ ያቆማታል፣ የእጅ ፍሬን ይስባል፣ የፊት እግር ሥር ድንጋይ ያስገባል። ከዚያ ሳያነሳት፣ ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ እግሩን ከባጃጇ ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች ላላ ላላ ያደርጋቸዋል። ከተነሳች በኋላ ለማላላት የሞከረ ሰው ጎማው አብሮት ይዞራል፣ ባጃጇም ከክሪኩ ትወርዳለች። ቀጥሎ ክሪክ። ክሪክ ከሌለ ሁለት ሰው ጎኗን ብድግ አድርጎ ይይዛል፣ አንዱ ከሥር ግንድ ያስገባል፤ ሦስት መቶ ኪሎ ገደማ ናት፣ ግማሹን ብቻ ነው የምታነሱት። ይህን ግንድ ነገር ግን አልወድለትም። እጁን ከሥር ሲያስገባ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

አሁን አደገኛው ቦታ። የኋላው እግር ላይ ሁለት ዓይነት ዳዶ አለ። አንደኛው እግሩን ከከበሮው ጋር ያስራል፣ ሌላው ሁለቱን የቸርኬ ግማሾች እርስ በርስ ያስራል። አየር ሳይወጣ ሁለተኛውን የፈታ ሰው ቸርኬው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ቀልድ አይደለም፤ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ሁለቱን ብረት እንደ ጥይት ይለያቸዋል። ስለዚህ እግሩ ከወጣ በኋላ ከቫልቩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን መርፌ ፈትቶ አየሩን እስከ መጨረሻው ማስወጣት፣ ጎማውን በእግር ረግጦ ባዶ መሆኑን ማየት፣ ከዚያ ብቻ ቸርኬውን መፍታት።

ካላማዳሪው ይወጣል። ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ እየተነፋ ይጠመቃል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ይታሻል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ትንሽ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ቁራጭ ጎማ ይለጠፋል። ጀማሪ የሚረሳው የውጭውን ጎማ መፈተሽ ነው። የበሳው ሚስማር እዚያው ተሰክቶ ካለ አዲሱንም ይበሳል። ጣትን ሳይሆን ጨርቅን በውስጥ ማዞር ይሻላል፤ ሚስማሩ ጨርቁን ይይዘዋል። ሲገጠም ካላማዳሪው በትንሹ ይነፋል፣ በሁለቱ ቸርኬ መሃል እንዳይቆነጠጥ። ዳዶዎቹ በዙሪያ ተራ አይጠብቁም፣ በማዶ ለማዶ እንጂ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደገና ይጠበቃሉ።

እጁ ለተፈታ ሰው ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለዚህ ነው ዳስካኒዮ የሚመሰገነው።

ማን ይከፍላል?

ትንሽ ቸርኬ ግን ዋጋ አለው። ትንሽ እግር ጉድጓድ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድም ከ700 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከኋላ ደግሞ ተሳፋሪው አለ፣ ሞተሩ አለ፣ ግፊቱም የሚመጣው ከኋላ እግር ነው። የኋላ ጎማ ከፊቱ ቀድሞ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ለሦስት ሰው የተሠራች ተሽከርካሪ አምስት ሰው ጭና ድንጋይ በድንጋይ የሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ስትመላለስ ውጤቱ ይታወቃል።

ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ቢሾፍቱ ባጃጅ ሲገባ የወጣው ጋሪ ነው። ጋሪ ነጂው የፈረሱን መኖ ከሰፈሩ ገበያ ይገዛል። የባጃጅ ሹፌር መኖ ግን በመርከብ ይመጣል፤ ነዳጁም ጎማውም። አገር ውስጥ በ1960ዎቹ የተቋቋመው አዲስ ጎማ፣ ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር ተጣምሮ ኋላም ወደ ሆራይዘን የዞረው ፋብሪካ፣ እሱም ዋና ዋና ጥሬ ዕቃውን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚያመጣው። እነሆ ዶላሩ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማ ስንት እንደገባ ለሚነዳ ሰው አልነግረውም።

ይህ ጭማሪ የሚያርፈው በቆጣሪ ላይ አይደለም፣ በጎማው ጥርስ ላይ ነው። ባጃጇ የሌላ ሰው ከሆነች ሹፌሩ የቀን ገቢ ያስገባል፣ የተረፈው የሱ ነው። ባለንብረቱ ጎማ ለመቀየር “ትንሽ ይቆይ” ይላል። ሹፌሩ በበኩሉ ግማሽ ቀን ጠፍቶበት ገቢ እንዳይጎድልበት ራሱ ጠጋግኖ ይወጣል። ጥርሱ አልቆ ክሩ የታየ ጎማ፣ አምስት ቦታ የተለጠፈ ካላማዳሪ፣ ዝናብ የመታው ኮብልስቶን። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ዜናው “በፍጥነት በማሽከርከር” ይላል። የጎማውን ሁኔታ የሚጽፍ አንድም ዘጋቢ እምብዛም አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ባጃጅን በአንድ ማስታወቂያ አቆመች፤ ከቀናት በኋላ በገደብ ፈቀደች። ያኔ የተነሳው ክርክር ስለ ጸጥታ፣ ስለ ማኅበር፣ ስለ ሰሌዳ ነበር። ከተማው በእርግጥ ለደኅንነት ከተጨነቀ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ጎማውን በቁም ነገር ይለካ፤ ለጎማ የሚሆን ብድር በቁጠባ ማኅበራት በኩል ያመቻች። ይህ ከማገድ ይረክሳል። ማገድ ግን በአንድ ወረቀት ያልቃል፣ ለዚያ ነው የሚመረጠው።

ያለቀውስ የት ይሄዳል? መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። ትልቁ ጎማ በረባሶ ይሆናል። የባጃጁ ካላማዳሪ በስሱ ተቆርጦ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ሌላ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ፍራሽ ሲያስር ታዩታላችሁ።

ባትሪዋ መጥታለች

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ታውቃላችሁ። የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግሮችም እየበዙ ነው። ጭስ የላቸውም፣ ድምፅ የላቸውም፤ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ከማደር ያድናሉ። ተቃውሞ የለኝም። ወሬው ሁሉ ግን ስለ ባትሪ ነው፤ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ዓመት ዋስትና። ባለፈው አንዱ ሱቅ ገብቼ አንዲቷን ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ቸርኬዋ ሰፋ ያለ፣ አንድ ወጥ ነው።

ሻጩ ወጣት፣ ትሑት ልጅ ነው። “የኋላ ጎማዋ ሲበሳ ቤት ውስጥ መፍታት ይቻላል?” አልኩት።

“አያስፈልግዎትም፣ ጋሼ። ሰርቪስ ማዕከላችን ይሠራዋል።”

“ማዕከሉ የት ነው?”

“ለጊዜው አንድ ነው ያለን። እዚሁ አዲስ አበባ።”

ገዢዎቹ ከየት እንደሚመጡ ጠየቅኩት። በብዛት ከክልል ከተሞች ናቸው አለኝ። ስኮርታዋስ አልኩት፣ የት ነው የምትቀመጠው? ከመቀመጫው ሥር አየ፣ ከኋላ አየ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ሊጠይቅ ወደ ውስጥ ገባ።